በሰሜን ተራሮች ላይ ያወረድኩት ሸክም

ቦርሳ ተሸክሞ ተራራ መውጣት የፈረንጅ ሥራ ነው ብላችሁ የምታስቡ ብዙ ትሆናላችሁ። እኔም ከእናንተ አንዷ ነበርኩ። እናቶቻችን ተራራ የሚወጡት እንጨት ሊለቅሙ ወይም ገበያ ሊደርሱ ነው እንጂ ለሽርሽር ሲወጡ አላየንም። ሆኖም በኅዳር 2010 ዓ.ም. እኔና ጓደኛዬ ድንኳናችንንና ስንቃችንን በጀርባችን አዝለን በሰሜን ተራሮች አምስት ቀን ቆየን። ያቀድነው አራት ቀን ነበር። ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት በተለይ ስለዚያች ስለተጨመረችው አንድ ቀን ነው።

ጓደኛዬን ያወቅኋት በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ነው። በአንድ ክፍል አድረናል፣ አንድ ጋቢ ተጋርተናል። ከተመረቅን በኋላ እኔ መጋቢ አገባሁ፤ እርሷ አስተማሪ ሆነች። ባለቤቷ በ2008 ዓ.ም. ሲያርፍ ከጎኗ አልተለየሁም። እንግዳ የተቀበልኩት፣ ልጆቿን ትምህርት ቤት ያደረስኩት፣ ሌሊት አብሬያት ያለቀስኩት እኔ ነበርኩ። ከዓመት በኋላ ግን እየራቀችኝ መጣች። ስልክ ስደውል ታነሳለች፤ ቤቴ ግን ብቅ አትልም። ምን አጠፋሁ ብዬ ብዙ አሰብኩ። አንድ ቀን ራሷ ደውላ፣ "ሰው የማያገኘን ቦታ፣ ሁለታችን ብቻ እንሂድ" አለችኝ።

ከአዲስ አበባ ጎንደር በአውቶቡስ ሄድን። ከጎንደር ወደ ሰሜን መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ደባርቅ ገባን። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት የሚገኘው በዚህች ከተማ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ ቦታዎች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተርታ ገብቶ ነበር፤ እኛ ከመሄዳችን ከጥቂት ወራት በፊት፣ በ2009 ዓ.ም. ክረምት፣ ከዚያ መዝገብ ወጥቷል። በጽሕፈት ቤቱ የመግቢያውን ከፍለን ጠመንጃ ያነገቱ አንድ ጠባቂ ተመደቡልን። በአካባቢው "ስካውት" ይሏቸዋል። እኛ ግን በዕድሜ ስለሚበልጡን "ጋሼ" አልናቸው።

ጋሼ ቦርሳዎቻችንን አንሥተው መዘኑና፣ "እህቶቼ፣ ምነው በቅሎ ብትይዙ?" አሉን።

"ግድ የለም፣ ራሳችን እንችላለን" ብዬ መለስኩ። ጓደኛዬ ቀና ብላ አየችኝ፤ ምንም አልተናገረችም። እናንተዬ፣ "እችላለሁ" የምትለዋ ቃል ከአፌ ጠፍታ አታውቅም። የመጋቢ ሚስት ስትሆኑ ቤታችሁ ሁልጊዜ የሰው ነው፤ የሌላውን ችግር ስትሰሙ ስለምትውሉ የራሳችሁን የምትናገሩበት ተራ የሚደርሳችሁ አይመስላችሁም።

የመጀመሪያው ቀን መልካም ነበር። ቡይት ራስ ድረስ በመኪና ሄደን ከዚያ በእግራችን ሳንቃ በር ደረስን። ከፍታው 3,250 ሜትር ነው። በመንገዳችን ላይ የጭላዳ መንጋ ገጠመን። ደረታቸው ላይ ቀይ ምልክት ያለባቸው፣ በምድር ላይ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የትም የማይገኙ እንስሳት ናቸው። ቁጭ ብለው በሁለት እጃቸው ሣር እየነጩ ይበላሉ፤ አንዷ የሌላዋን ጠጉር ትፈትሻለች። ሲመሽ ገደሉን ወርደው በቋጥኙ ጠርዝ ላይ ተቃቅፈው ያድራሉ። ጓደኛዬ፣ "እነዚህስ ሸክም አያውቁም" ብላ ሳቀች።

በሁለተኛው ቀን የጅንባር ፏፏቴን ከማዶ አይተን ወደ ግጭ ወጣን። ዳገቱ ላይ ራሴን ያመኝ ጀመር። ፀሐይ ነው አልኩ። ከሰዓት በኋላ የበላሁት ሁሉ ወደ ላይ ይለኝ ጀመር። ድካም ነው አልኩ። ግጭ 3,600 ሜትር ላይ ያለ ሰፊ ሜዳ ነው፤ ቢጫ የጓሳ ሣር ተነጥፎበት፣ ጅባራው እዚህም እዚያም እንደ ዘበኛ ቆሞበታል። በዚያ የነበረው መንደር ነዋሪዎች በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል፤ ሜዳው ጸጥ ብሏል። ውበቱን ግን አላየሁትም። ሽሮ ሠርተን ስንቀመጥ አንድ ጉርሻ አልወርድልሽ ቢለኝ፣ "ዛሬ ጾም አሰኘኝ" ብዬ ቀለድኩ።

ሌሊት ከድንኳኑ ጀርባ ሄጄ አስመለሰኝ። ዞር ስል ጓደኛዬ ባትሪ ይዛ ቆማለች።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያምሽ?"

"አሁን ነው።"

"አትዋሺኝ እንጂ፣ እቱ።"

ከጠዋት ጀምሮ መሆኑን ነገርኳት። ጋሼም ነቅተው መጡ። "ይህ የከፍታ ሕመም ነው፤ ነውር የለበትም፣ መደበቁ ነው ክፉ" አሉ። እውነታቸውን ነው። አየሩ በሳሳበት ቦታ ሰውነት እስኪለምድ ድረስ ራስ ምታት፣ የምግብ ፍላጎት ማጣትና ማስመለስ ሊመጡ ይችላሉ። ሕመሙ ቀላል ሲሆን እዚያው ዐርፎ ውኃ እየጠጡ መቆየት ነው፤ እስኪሻል ድረስ ግን ከዚያ በላይ መውጣት አይገባም። እየባሰ ከሄደ ደግሞ ሳይዘገዩ ወደ ታች መውረድ ነው፤ ችላ ከተባለ ሳንባንና አእምሮን ጎድቶ ሊገድል ይችላል። ጓደኛዬ ይህን ሳታውቅ በማግስቱ ወደ እመት ጎጎ ይዛኝ ብትወጣ ኖሮ አደጋው ለእኔ ብቻ አይሆንም ነበር።

ስለዚህ ሦስተኛውን ቀን ግጭ ላይ ዋልን። ረፋዱ ላይ ድንኳኑ ደጃፍ ፀሐይ ስንሞቅ ጓደኛዬ ለምን እንደራቀችኝ ነገረችኝ።

"አንቺ የእኔን ሸክም ሁሉ ታውቂያለሽ" አለችኝ። "ባለቤቴ ሲሞት የት ወድቄ እንዳለቀስኩ፣ የቤት ኪራይ የጎደለኝን ወር ሳይቀር ታውቂያለሽ። ያንቺን ግን አንድ ቀን አሳይተሽኝ አታውቂም። ቤትሽ ስመጣ እንደ ጓደኛ ሳይሆን እንደ ተረጂ ነው የምገባው። ያ ደከመኝ።"

ቃሏ ከተራራው ብርድ ይልቅ ዘለቀኝ። ሰውን መርዳት ትሕትና ይመስለኝ ነበር፤ ለካ እኔ ሰጪ ብቻ ስሆን እርሷን ሁልጊዜ ተቀባይ አድርጌያታለሁ። ያን ጊዜ ለባለቤቴ እንኳ ያልተነፈስኩትን ነገር አወጣሁት። ከሁለት ወር በፊት በግራ ጡቴ ላይ እብጠት አግኝቼ ነበር። ስንቷን እህት እጇን ይዤ ሆስፒታል ወስጃለሁ፤ ለራሴ ግን፣ "ጉባኤው ይለፍ፣ ሠርጉ ይለፍ" እያልኩ ቀጠሮ አልያዝኩም። እውነቱን ልናገርና፣ ፈርቼ ነበር።

አልመከረችኝም፤ ጥቅስም አልጠቀሰችልኝም። እጄን ይዛ ዝም አለች። ቆይታ፣ "ሰኞ አብረን እንሄዳለን" አለች። ይኸው ነው።

በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ስለ ሙሴ እጆች ስንት ጊዜ ተምሬያለሁ፤ አሮንና ሖር ደግፈው እንደያዙለትም ለሌሎች አስተምሬያለሁ። እኔ ግን ሁልጊዜ ራሴን በደጋፊዎቹ ቦታ ነበር የማስቀምጠው። እጆቹ የዛሉበት ሰው ልሆን እንደምችል ያሰብኩት ያን ቀን ነው።

በአራተኛው ቀን ራስ ምታቱ ለቆኝ ነቃሁ፤ ቁርሴንም በላሁ። ከሌሎች መንገደኞች ጋር የመጣ አንድ ባለበቅሎ ዕቃችንን ጨነቅ ድረስ ሊያደርስልን ተስማማ። ቦርሳዬን ራሴ አንሥቼ በበቅሎዋ ላይ ጫንኩት። ጋሼ ፈገግ አሉ፤ "ብያችሁ ነበር" ግን አላሉም። እመት ጎጎ 3,926 ሜትር ነው። ጫፉ ላይ ስትቆሙ በሦስት በኩል ገደል ነው፤ ከታች እስከ ዓይን ማየት ድረስ የተቆራረጠ አምባ፣ ሸለቆና ጉም። በባዶ ጀርባዬ ቀስ ብዬ ወጥቼ፣ የተፈጠርኩለትን አየር የተነፈስኩ መሰለኝ። ማታ፣ ስሙ ጨነቅ ቢሆንም እኛ ሳይጨንቀን ሰፈሩ ገባን። በማግስቱ ጠዋት፣ መኪናችን ሳይመጣ፣ ቀንዱ ወደ ኋላ የተቆለመመ አንድ ዋልያ ከገደሉ ዳር ቆሞ አየነው። እንደ ሐውልት ቀጥ ብሎ ቆየና በዚያ ቁልቁለት እንደ ደረጃ ወረደበት።

ሰኞ ጓደኛዬ ቃሏን ጠብቃ ሆስፒታል ወሰደችኝ። የዚያኑ ዕለት ማታም ለባለቤቴ ነገርኩት፤ ለምን እስካሁን ብሎ አዘነ፣ አብሮኝም ጸለየ። ውጤቱ በሁለት ሳምንት መጣ፤ እብጠቱ አደገኛ አልነበረም። ጌታ ይመስገን። ነገር ግን እህቶቼ፣ የእኔ በደኅና ስላለፈ እናንተ አትዘግዩ። እብጠት ያገኘች ሴት ዛሬውኑ ትታይ፤ በጊዜ የተደረሰበት የጡት ካንሰር የመዳን ዕድሉ ትልቅ ነው።

ከዚያ ጉዞ ወዲህ ያ አገር ብዙ አይቷል። በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ሰሜን ጎንደር ደርሶ ነበር፤ ከዚያም በኋላ አማራ ክልል ከግጭት አላረፈም። ለመሄድ የምታስቡ አስቀድማችሁ የመንገዱን ሰላም ጠይቁ፤ ለዚያ ሕዝብም ጸልዩ። ስትሄዱ ደግሞ የእኔን ስሕተት አትድገሙ፤ ቀስ ብላችሁ ውጡ፣ ውኃ ጠጡ፣ ሲያማችሁ ተናገሩ፣ በቅሎም አትናቁ።

ጓደኛዬ አሁን ቤቴ ትመጣለች። እንደ ድሮው ቡና ታፈላለች፤ አንዳንድ ቀን እርሷ ታወራለች፣ አንዳንድ ቀን እኔ። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፤ የብዙዎችን ሸክም የምታውቁ እናንተ፣ የእናንተን የሚያውቅ ማን አለ? ስሙ ወዲያው ካልመጣላችሁ፣ ከዚህ ሳምንት ሳያልፍ ለአንድ ሰው ደውሉ። ጌታ የሚያዳምጥ ጓደኛ ይስጣችሁ፤ ለመናገርም ድፍረቱን።