ከፓክ ፋናንግ የሚላክ ስንቅ

በዛሬው የቤተሰብ ዓምዳችን፣ እንግዳውን ከደጅ ወጥቶ በጠረኑ ስለሚቀበል አንድ ወጥ እናወጋችኋለን።

ለትምህርት ወደ ታይላንድ ተልከን ሳለ ጥቂት የዕረፍት ቀናት አግኝተን ነበርና፣ ከባንኮክ በሌሊት ባቡር ተሳፍረን በማግሥቱ ናኮን ሲ ታማራት ደረስን። ከዚያም በታይላንድ ባሕረ ሰላጤ ዳር ወደምትገኘው የዓሣ አጥማጆች ከተማ ወደ ፓክ ፋናንግ አመራን። የጋበዘን አስተርጓሚያችን የነበረው ወጣት መቶ አለቃ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1950 እስከ 1953 በተካሄደው የኮሪያ ጦርነት የእርሱም የእኛም አገር ወታደሮች በአንድ ዓርማ ሥር መሰለፋቸውን ያውቅ ስለነበር፣ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ እንደ ዘመድ ቀርቦን ነበር። ያረፍነው በአክስቱ ቤት ነው። «ፓ» ይላቸዋል፤ የእናት ወይም የአባት ታላቅ እኅት የምትጠራበት ቃል ነውና እኛም እንዲሁ አልናቸው።

ወጡ ኬንግ ታይ ፕላ ይባላል። «ኬንግ» ወጥ፣ «ታይ» ኩላሊት፣ «ፕላ» ዓሣ ማለት ነው፤ ከአገሩ ስም ጋር ዝምድና የለውም። ስሙ ኩላሊት ይበል እንጂ የሚገባበት የዓሣው ሆድ ዕቃ ነው። በደቡብ ታይላንድ ያለች ባለሙያ የዓሣውን ሆድ ዕቃ አትጥልም፤ ሐሞቱን አውጥታ፣ አጥባና በጨው አሽታ፣ በማሰሮ ከድና ለአንድ ወር ያህል ታቦካዋለች። ከዚያም ከጠጅ ሣርና ዝንጅብል ከሚመስል ሥር ጋር አፍልታ ታጠልለዋለች። በርበሬው፣ እርዱ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ቁንዶ በርበሬውና በጨው የቦካው የሽሪምፕ ድልህ በሙቀጫ ተወቅጦ ይገባበታል። የተጠበሰ ዓሣ ተፈርፍሮ፣ የቀርከሃ ቡቃያ፣ ደበርጃንና ዱባ ተጨምሮ ይበስላል። የሚበላው በሩዝ ነው፤ ቃጠሎውን የሚያበርድ ጥሬ ቅጠላ ቅጠልና ኪያር በጎን ይቀርባል። በርበሬያቸው እንደ ሚጥሚጣችን ደቃቅ ነው፤ ጠባዩም እንደዚያው።

ዱለት የሚወድ ሰው ሆድ ዕቃን ሊጸየፍ አይገባውም ስንል ነበር። ዳሩ ግን ክዳኑ በተነሣ ጊዜ አፍንጫችን ከቃላችን ቀድሞ ሸሸ። ፓ አዩን፤ ምንም አላሉም።

ከምሳ በኋላ ሌላ ድስት ጣዱ። ይኸኛው ውኃው እስኪመጥ ድረስ የሚታመስ ደረቅ ታይ ፕላ ነው፤ ስለማይበላሽ እንደ ቋንጣ ለመንገድ ይሆናል። የሚሠሩት ለልጃቸው ነበር። በአገራቸው ዕድሜያቸው 21 የሞላና በፈቃዳቸው ያልተመዘገቡ ወንዶች በየዓመቱ በሚያዝያ ለውትድርና ዕጣ ያወጣሉ፤ ጥቁር ወረቀት የደረሰው ወደ ቤቱ ይመለሳል፣ ቀይ የደረሰው ይዘምታል። ለፓ ልጅ ቀዩ ደርሶት፣ እ.ኤ.አ. በ2004 እንደገና የተቀሰቀሰው ግጭት እስከ ዛሬ ወዳልበረደበት ወደ ናራቲዋት ተልኳል።

ፓ ማማሰያውን ይዘው በመቶ አለቃው በኩል ጠየቁን፦ «እናንተ ወታደሮች ናችሁና ንገሩኝ። ከባንኮክ የመጡት ልጆች በሽታው ይሥቁበት ይሆን?»

ስለ ጥይት የሚጠይቁን መስሎን ነበር። በጦር አካዳሚ ሳለን አንድ ጓዳችን ከእናቱ ቆጮ ተልኮለት፣ መኝታ ቤቱ በሙሉ አፍንጫውን ይዞ ሳቀበት፤ ከሳቂዎቹም መካከል ነበርን። ከዚያ በኋላ ከቤት የተላከለትን ሁሉ ከግንቡ ጀርባ ሄዶ ብቻውን ይበላ ነበር። ይህን ለፓ አልነገርናቸውም።

«በመጀመሪያው ቀን ይሥቁ ይሆናል፤ በሁለተኛው ወር ግን ጥቅሉን አብረውት ይጠብቃሉ» አልናቸው። ለጓዳችን እንዲያ እንዳልሆነለት እያወቅን ነው የተናገርነው። መቶ አለቃው ከመተርጐሙ በፊት ጥቂት ዝም ብሎ ተመለከተን።

ከዚያም ሳንጠየቅ ሳህናችንን ዘረጋን። ከፈሳሹ ወጥ ሁለተኛ ጭልፋ ጨመሩልን፤ ዓይናችን እያነባ ጨረስነው። ጨዋማና መራራ ነው፤ ከተለማመዱት ግን ሩዙን አስጨርሶ ሌላ የሚያስጠይቅ ዓይነት ነው።

ደረቁ ሲቀዘቅዝ ፓ በፕላስቲክ ላይ ፕላስቲክ እየደረቡ ጠቀለሉት፤ ጠረኑ እንዳይወጣ ነው። መልሳችንን ሰምተው ፈገግ ብለው ነበር፤ አራተኛውን ፕላስቲክ ግን አልተዉትም።