ቲቸር፣ የማዘርን ኦቭን ልጠቀም?

ሰሞኑን አንድ የድሮ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። ጋራዥ ነው የሚሠራው። የፓውደር ኮቲንግ መርጫ አግኝቷል፤ የሞተር ሳይክል ዕቃ ቤቱ እየቀባ ገቢ ሊያገኝ አስቧል። “ቲቸር፣ የማዘርን ኦቭን ብጠቀም ችግር አለው?”

አለው ወንድሜ።

ደስ ያለኝን ግን ልናገር። ያኔ በጠመኔ የሣልኩላችሁ ፕላስና ማይነስ ማለት እኮ ይሄ ነው! መርጫው ደረቁን ዱቄት በከፍተኛ ቮልቴጅ ቻርጅ ያደርገዋል፤ ብረቱ ከመሬት ጋር በሽቦ ስለተያያዘ ዱቄቱ ሄዶ ይለጠፍበታል፣ ዞሮ ከጀርባውም ጭምር። ከዚያ 200 ዲግሪ አካባቢ ላይ ቀልጦ ይጠነክራል። ደቂቃ መቁጠር የምትጀምረው ኦቭኑ ሲግል ሳይሆን ብረቱ ራሱ ሲግል ነው። (መሃል ላይ መብራት ከሄደ... እሱን ተዉት።)

ችግሩ ሲበስል የሚወጣው ጭስ ነው። ቀለም የገባበት ኦቭን፣ ቢታጠብም፣ ምግብ አይጋገርበትም። እናቱ ደግሞ በዚያች ኦቭን ኬክ ጋግራ እየሸጠች ነው ያስተማረችው።

ስለዚህ አሮጌ የኤሌክትሪክ ኦቭን ፈልግ፣ ከቤት ውጭ አስቀምጠው። ስትረጭ አጠገብህ እሳት አይኑር፤ አየር ላይ የተበተነ ዱቄት ይፈነዳል። ጭምብልም አድርግ። ኩሽኔታና ላስቲክ ያለበትን ዕቃ ፈትተህ አውጣ። ቤንዚን የነበረበትን ታንከር በፍጹም እንዳታስገባ። ቸርኬ ላልከው፣ እዚያ ውስጥ መች ይገባና! በእግር መርገጫ ጀምር።

የመጀመሪያውን ስትጨርስ ፎቶ ላክልኝ።