የባሌው እንግዳ ዓሣ

በአምቦ መንገድ እሑድ ወጣ ማለት የሚወድ ቤተሰብ አዲስ ዓለም ማርያምን ሳያይ አያልፍም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1890ዎቹ ዋና ከተማቸውን ወደዚህ ቦታ ለማዛወር አስበው ነበር፤ አዲስ አበባ ማገዶ አልቆባት ነበርና። ኋላ ግን ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ቶሎ ቶሎ አድጎ ከተማዋን ከመፈለስ አዳናት። ለቤተ መንግሥት የታሰበው ቦታም የማርያም ደብር ሆኖ ቀረ።

ባሕር ዛፍ ዛሬም አመስጋኝም ከሳሽም አለው። በባሌ ተራሮች ወንዞች ውስጥ የሚኖር አንድ ዓሣም ዕጣው እንደዚሁ ነው። ስሙ ትራውት ይባላል። እንግሊዞች ለመዝናኛ ብለው ወደ ኬንያ ወንዞች አመጡት፤ ከኬንያ ደግሞ ወደ ባሌ ከተሻገረ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል። ሁለት ዓይነት ነው፦ ነጠብጣብ ያለው ቡናማውና ጎኑ ላይ ሮዝ መስመር ያለው “ቀስተ ደመና”።

ትራውት የሚፈልገው ቀዝቃዛ፣ ጥሩና ፈጣን ውኃ ነው። ለዚህም ነው ዓሣ አጥማጆች ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ዲንሾ የሚሄዱት። ዌብና ዳንካ ወንዞች የሚፈሱት በዚሁ አካባቢ ነው። ሌላው ዓለም ትራውትን በበጋ ሙቀት ሲያጠምድ የእኛ ክረምት ወንዙን ያደፈርሰዋል። ስለዚህ የሚመረጠው ጊዜ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው የበጋ ወቅት ነው። የነቢያት ጾም በዚሁ ወቅት ስለሚውል “ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም?” የሚለው የቆየ ክርክር መኪናው ውስጥ መነሣቱ አይቀርም።

አጠማመዱ ትል አይፈልግም። ላባና ክር መንጠቆ ላይ ተጠምጥሞ ዝንብ ይመስላል። ዓሣው ፊቱን ወደ ወንዙ ላይኛው አቅጣጫ አዙሮ ውኃው የሚያመጣለትን ነፍሳት ይጠብቃል። አጥማጁም ከኋላው ቀስ ብሎ ቀርቦ ዝንቡን ከዓሣው በላይ ይጥልና ወራጁ ውኃ እንዲያወርደው ይተወዋል። ጥላዎ ውኃው ላይ ካረፈ ዓሣው ይሸሻል። ልጆች ዝም ብሎ መቆምን እዚህ ይማራሉ።

ከመነሣትዎ በፊት ስለ ማጥመድ ፈቃድና ክፍያ የፓርኩን ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ። ወፍራም ሹራብ ይያዙ፤ የበጋ ሌሊት በዲንሾ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። መንጠቆ ሲወረወር ዓይን እንዳይነካ ለልጆች መነጽር ያድርጉላቸው። ዓሣውን የሚለቁት ከሆነ እጅዎን አስቀድመው በውኃ ያርጥቡ፤ ደረቅ እጅ ቆዳውን ይጎዳዋል። ማጥመድ የሰለቸው ልጅ የደጋ አጋዘንና ከርከሮ ሲግጡ ማየት ይችላል።

ይህ እንግዳ ግን ጥፋትም አለው። ሁለቱም የትራውት ዓይነቶች በዓለም አስከፊ ከሚባሉት 100 ወራሪ ዝርያዎች መካከል ተመዝግበዋል፤ አዳኝ በመሆናቸው በሄዱበት ሁሉ የአገሬውን ትናንሽ ዓሦች ይበላሉ። ስለዚህ ለእራት የሚበቃዎትን ቢይዙ ወንዙ አይቀየምዎትም። አንዱን ዓሣ ከነሕይወቱ ወደ ሌላ ወንዝ መውሰድ ግን ፈጽሞ አይገባም።

ያም ሆኖ ትራውት የሚነግረን አንድ ቁም ነገር አለ። እንቁላሉን የሚጥለው በወንዝ ጠጠር መካከል ነው። ዳገቱ ሲታረስና ሣሩ በከብት ሲራቆት ዝናቡ አፈሩን ጠርጎ ያወርዳል፤ ጭቃው ጠጠሩን ሲደፍነው እንቁላሉ አየር አጥቶ ይሞታል። በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመውና በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዛሬም የግጦሽና የእርሻ ጫና አለበት። የዌብ ውኃ ደግሞ ዲንሾ ላይ አያበቃም፤ በሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ ሰንጥቆ ወደ ቆላው ይወርዳል። እዚያ የሚጠብቀው ከብቱን የሚያጠጣ አርብቶ አደርና እንስራ የያዘች እናት ናት።

እናም ዲንሾ ሲደርሱ መንጠቆውን ከመጣልዎ በፊት ልጆችዎን ወደ ወንዙ ዳር ይውሰዷቸውና ጠጠሩ ከላይ ጥርት ብሎ ይታያቸው እንደሆነ ይጠይቋቸው። ከታየ ተራራው ገና ደህና ነው ማለት ነው፤ የዚያን ቀን ዓሣ ባይዙ እንኳ መንገዱ ከንቱ አልሆነም።