የአልዌሮ ውሃና የአሮጌው ትራክተር ዘይት

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው የኢሉባቦርን ጫካና የቡና ጥላ አቋርጦ፣ መቱንና ጎሬን አልፎ፣ ከደጋው ጫፍ ሲደርስ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ቆላው ይወርዳል። ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ከተጓዘ በኋላ ጋምቤላ ሲገባ በጠዋት የደረበው ካፖርት ሸክም ይሆንበታል። ስለ ጋምቤላ የሰማ ሰው ሁሉ በመጀመሪያ የሚያስታውሰው ባሮን ነው፤ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው ውል መነሻነት የንግድ ጣቢያ ተቋቁሞበት፣ በክረምት መርከቦች ቡና እየጫኑ ወደ ሱዳን ይወርዱበት ነበርና። አኙዋኮች ይህን ወንዝ ኦፔኖ ይሉታል።

ነገር ግን በባሮ ዝና የተሸፈነ ሌላ ወንዝ አለ፤ እርሱም አልዌሮ ነው። ከጋምቤላ ከተማ ወደ ደቡብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አቦቦ የደረሰ መንገደኛ፣ በቆላው ሜዳ መካከል ሰፊ ውሃ ተኝቶ ሲያይ መገረሙ አይቀርም። ይህ የአልዌሮ ግድብ ነው። በደርግ ዘመን በሶቪየት ኅብረት ባለሙያዎች ርዳታ ሲሠራ፣ 10,000 ሄክታር ያህል መሬት ያጠጣል ተብሎ ታስቦ ነበር። ውሃው ከተጠራቀመ በኋላ ግን የመስኖው ሥራ ለብዙ ዓመታት ሳይጠናቀቅ ቆየ፤ ሐይቁም ቆሮሶና አምባዛ ለሚያጠምዱ ሰዎች መጠቀሚያ ሆነ። በ2002 ዓ.ም. ግድም ሳውዲ ስታር የተባለው ኩባንያ በዚሁ ውሃ ሩዝ ለማምረት 10,000 ሄክታር ተከራየ።

ሆኖም የውሃ መኖር ብቻውን እህል አያበቅልም፤ መሬቱ በጊዜው መታረስ አለበት። ጥቁሩ አፈር ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ውሃ ሲጠግብ ደግሞ ጎማ ይውጣል። ለማረሻ የሚመቸው በሁለቱ መካከል ያለው አጭር ጊዜ ነው። በዚያ ሳምንት ትራክተር ከቆመ፣ የቆመው ብረት ብቻ ሳይሆን የዓመቱ ምርት ነው።

በአቦቦ ዙሪያ በአንድ ትልቅ ዛፍ ጥላ ሥር ያገኘሁት ጋራዥ ይህን አስተማረኝ። ከጥላው ሥር የቆመው አሮጌ ቤላሩስ ትራክተር ነበር። አንባቢ እንደሚያውቀው ኤም ቲ ዜድ 80 የተባለው ይህ ዓይነት ትራክተር ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚንስክ የተሠራ፣ 80 የፈረስ ጉልበት ያለው መኪና ነው፤ በ1970ዎቹ ዓ.ም. ናዝሬት ላይ የተቋቋመው ፋብሪካም ቤላሩስ ትራክተሮችን እየገጣጠመ ለመንግሥት እርሻዎች አቅርቧል። ሽማግሌው መካኒክም ሙያቸውን የተማሩት በመንግሥት እርሻ ነው።

«ጋሼ፣ ቡሎኑን ላጥብቀው?» አለ ረዳታቸው፣ ዘይት ከሚንጠባጠብበት ሥር ተንበርክኮ።

«ቆይ ልጄ» አሉት። «መጀመሪያ እጠበው። የቆሸሸ ብረት ከየት እንደሚያፈስ አይናገርም።»

ልጁም ጭቃውንና ዘይቱን በናፍታ አጥቦ በጨርቅ አደረቀው። ከዚያ ሞተሩ ተነሣ፤ ሁላችንም ዝም ብለን ማየት ጀመርን።

የትራክተር ሃይድሮሊክ አሠራር ለመረዳት አያስቸግርም። ፖምፓው ሁለት የተያያዙ ማርሾች አሉት፤ እነርሱ ሲዞሩ ዘይቱን ከጋኑ ስበው በኃይል ይገፉታል። ዘይቱ በማከፋፈያው አልፎ በቱቦ ወደ ሲሊንደሩ ሲገባ ፒስቶኑን ይገፋል፤ ፒስቶኑም ማረሻውን ያነሣል። በሽታው በምልክቱ ይታወቃል። ማረሻው ጠዋት በደንብ ተነሥቶ፣ ዘይቱ ሲሞቅና ሲቀጥን የሚሰንፍ ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ የፖምፓው ማርሽና ግድግዳ ተበልተዋል ማለት ነው። በጋኑ ውስጥ አረፋ ከታየ፣ ከጋኑ ወደ ፖምፓው በሚወስደው መስመር አየር እየገባ ነው፤ በዚህ በኩል ዘይት ወደ ውጭ ሳይፈስ አየር ብቻ ሊሳብ ስለሚችል ብዙ ሰው ይስታል። የተነሣው ማረሻ ቀስ በቀስ የሚወርድ ከሆነ ደግሞ የፒስቶኑ ጎሚኒ ወይም ማከፋፈያው ዘይት ያሳልፋል።

በዚያ ቀን ዘይቱ የወጣው ከሲሊንደሩ አፍ ነበር። ጎሚኒው በቅርቡ ተለውጧል፤ ታዲያ ስለ ምን ቶሎ ተቀደደ? ሽማግሌው ማረሻውን መሬት ላይ አስቀምጠው ሞተሩን አጠፉ፤ ማንሻውን ወዲያና ወዲህ እያሉ በቱቦው ውስጥ የቀረውን ግፊት ካስወጡ በኋላ ዘንጉን በጣታቸው ዳሰሱት። ቀጭን ጭረት ነበረበት። የሲሊንደሩ መያዣ ቀዳዳም በመበላቱ ዘንጉ ወደ ጎን እየተገፋ ኖሯል። እንግዲህ በተጫረ ዘንግ ላይ አዲስ ጎሚኒ መግጠም ገንዘብ መጣል ነው፤ መጀመሪያ ዘንጉ ወደ ቶርኖ ቤት መሄድ፣ የተበላው መያዣም በልኩ መሠራት አለበት። ቶርኖ ቤቱ ደግሞ ሩቅ ነው፤ ዝናቡም አይጠብቅም። ባለቤቱ በቆዳና በሽቦ እንዲታሰርለት ለመነ። ሽማግሌው ግን «ነገ መስክ መካከል ቢቆምብህ ማን ይጎትትልሃል?» ብለው ዘንጉን ፈተው በጨርቅ ጠቀለሉለት፤ እርሱም በማግስቱ በመጀመሪያው መኪና ይዞት ሄደ።

የተከፈቱትን የቱቦ አፎች ልጁ በንጹሕ ክዳን ዘጋቸው፤ አንዲት ቁንጥር አሸዋ አዲሱን ፖምፓ ታበላዋለችና። የተሰነጠቀ ቱቦ በካላማዳሪ ጠቅልሎ መሥራትም ክልክል ነው። በኃይል የሚወጣ ቀጭን ዘይት እንደ መርፌ ቆዳ በስቶ ስለሚገባ፣ የሚያፈሰው ቦታ በካርቶን ቁራጭ እንጂ በእጅ አይፈለግም፤ ዘይቱ ሥጋ ውስጥ ከገባም ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ሳይዘገዩ ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል። ከተነሣ ማረሻ ሥር ያለ ድጋፍ መግባት ደግሞ ከሁሉ የከፋ ድፍረት ነው።

በየቢሮአችን የእርሻን እድገት ስናስብ የሚታዩን ግድቡ፣ ቦዩና አዲሱ መኪና ናቸው። እነዚህ አስፈላጊ መሆናቸውን ማንም አይክድም። ነገር ግን በጀት ሲያዝ መለዋወጫው፣ ቶርኖውና የመካኒኩ ሥልጠና ከተረሱ፣ ለትልቁ ሥራ የወጣው ገንዘብ በጎሚኒ እጦት ይቆማል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ብሂላችን ለጋራዥም ይሠራል። ዛሬ በትምህርት ላይ ያለ ወጣት ነገ የግዥ ወረቀት ይፈርማል፤ ያን ጊዜ ከትራክተሩ ዋጋ አጠገብ የቶርኖውንም ዋጋ ይጻፍ።