ዕድሜ የማይነካቸው ጀግኖችና እኛ

ባለፈው ቅዳሜ ማታ አምስት ሆነን በአንድ ላፕቶፕ ዙሪያ ተኮልኩለን ፊልም አየን። ስሙ «ኢተርናልስ» ነው፤ ዘለዓለማውያን እንደማለት። ያዘጋጀችው ክሎዊ ዣኦ ናት። አሥር ጀግኖች ከ7,000 ዓመት በፊት ወደ ምድር ይመጣሉ። ሊገደሉ ይችላሉ እንጂ አያረጁም። የተሰጣቸው ትእዛዝ አንድ ነው፤ ዴቪያንት ከሚባሉት አውሬዎች ሰውን ጠብቁ፣ ሰውና ሰው ሲጣላ ግን እጃችሁን አታስገቡ።

ክርክራችን የተነሣው እዚህ ላይ ነው። ፊልሙ አሜሪካ ውስጥ ለሕዝብ የቀረበው ጥቅምት 26 ቀን 2014 ዓ.ም. ነበር። በዚያው ሰሞን ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን አልፎ ከሚሴ ደርሶ ነበር። እኛ ያኔ ገና ልጆች ነን። የባቲው ጓደኛችን «ታዲያ ያን ጊዜ እነዚህ ጀግኖች የት ነበሩ?» ቢለን ሳቅን። ሳቃችን ግን ብዙ አልቆየም። ሁላችንም የየቤታችንን አስታወስና ዝም አልን።

ከአሥሩ መካከል ድሩዊግ የሚባለውን ቆሞ ማየቱ አንገፈገፈው። እ.ኤ.አ. በ1521 ስፔኖች ቴኖችቲትላንን ሲያወድሙ የተዋጊዎቹን አእምሮ በኃይሉ ይይዝና እልቂቱን ያስቆማል። ከዚያ በኋላ በአማዞን ጫካ ሰዎችን ሰብስቦ ለብዙ ትውልድ ይኖራል። ጠብ ቢነሣ አእምሯቸውን ይይዛል፤ ጠቡም ይቆማል።

የአርጡማዋ ጓደኛችን «ድሩዊግ ልክ ነው፤ ሰው ከሚያልቅ ፈቃዱ ቢወሰድ ይሻላል» አለች። እውነት ለመናገር ግማሾቻችን ደገፍናት።

ይሄኔ እስካሁን ዝም ብሎ የቆየው ጓደኛችን ተናገረ። «የማስተማር ልምምድ ስንወጣ የኔን ክፍል አይታችሁታል። አርጩሜ ይዤ ስገባ ዝንብ ሲበር ይሰማ ነበር። እናንተም አደነቃችሁኝ። ደወል ሲደወል ግን ሁለት ልጆች በአንዲት የጨርቅ ኳስ ተጣልተው ደጅ ላይ ድንጋይ ተወራወሩ። ለካ ዝም አሰኘኋቸው እንጂ ምንም አላስተማርኳቸውም!»

በማግሥቱ አርጩሜውን ትቶ ገባ። ሁለቱን ልጆች ፊት ለፊት አቁሞ፣ አንዱ በኦሮምኛ ሌላው በአማርኛ፣ የተጣሉበትን ነገር እንዲያስረዱ አደረገ። ክፍሉ ተንጫጫ፤ የክፍለ ጊዜው ግማሽ በዚሁ አለቀ። ልጆቹ ያን ቀን አልታረቁም። በሦስተኛው ቀን ግን ኳሷን አብረው ሲሰፉ አየናቸው።

ከጀግኖቹ ሁሉ የወደድናት ማካሪን ነው። ጆሮዋ አይሰማም፤ የምትናገረው በእጆቿ ነው፤ ከሁሉም ፈጣኗ ግን እሷ ናት። ተዋናይቷ ሎረን ሪድሎፍ ራሷ መስማት የተሳናት ስትሆን፣ ተዋናይ ከመሆኗ በፊት የሕፃናት መምህርት ነበረች። ይህን ስንሰማ እንዴት ደስ እንዳለን!

እንግዲህ እኛ ቆመን የምናይበት 7,000 ዓመት የለንም። የሰውን አእምሮ የመያዝ ኃይልም አልተሰጠንም፤ እንኳንም አልተሰጠን። ያለን 40 ደቂቃና ጠመኔ ነው። ልጆች ሲጣሉ ዞር ብሎ ማለፍም፣ በአርጩሜ አፍ ማስያዝም ይቀላል። ሲጨቃጨቁ ታግሦ መስማት ነው የሚከብደው። ነገ ክፍል የምንገባው ለዚሁ ነው።

የአርጡማዋ ጓደኛችን ግን አሁንም አልተረታችም። እናንተስ ምን ትላላችሁ? ጽፋችሁ ከዚህ ሥር ለጥፉልን።