ፊውዝ ወይስ ብሬከር?

የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ስለ ፊውዝ ምን አገባው? ትሉኝ ይሆናል። አገባኝ እላለሁ። የዶርም ጓደኛዬ የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተማሪ ነው፤ መብራት ከጠፋ በኋላ የሚያወራኝ ሰዎች በገዛ ጋራዣቸው ስለሚሠሩት አውሮፕላን ነው። ስለ ሽቦ የጀመርነው ክርክር ስለ ሰው ልጅ ጠባይ ሆኖ ቁጭ አለ።

በአሜሪካ አንድ ሰው ለትምህርቱ ወይም ለመዝናኛው ብሎ የአውሮፕላኑን አብዛኛውን ሥራ ራሱ ከሠራ፣ ምርመራውንም ካለፈ፣ እንዲበርበት ሕጉ ይፈቅድለታል። ታዲያ ይህ ሰው ኤሌክትሪኩን ሲዘረጋ መምረጥ አለበት፤ ፊውዝ ወይስ ብሬከር?

ሁለቱም በዋናነት የሚጠብቁት ራዲዮኑን ወይም መብራቱን ሳይሆን ሽቦውን ነው። ሽቦ ከአቅሙ በላይ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ይግላል፣ ልባሱ ይጨሳል፣ ከዚያ እሳት ነው። ፊውዝ ውስጥ ያለችው ቀጭን ብረት ቀድማ ትቀልጥና መሥመሩ ይቋረጣል፤ በሌላ ፊውዝ ካልተተካ በቀር አለቀ። የብሬከር ቁልፍ ግን ወደ ውጭ ይዘላል፤ በጣት ጫን ቢያደርጉት ይመለሳል። ፊውዝ ርካሽ ነው፣ ክብደቱም ቀላል። ቢሆንም ሁለተኛ ዕድል የማይወድ ማን አለ?

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ጁላይ 10 ቀን 2007 እ.ኤ.አ. ፍሎሪዳ ውስጥ፣ ሳንፎርድ ከተማ፣ አንዲት ሴስና 310 ቤቶች ላይ ወድቃ 5 ሰዎች ሞቱ፤ ሦስቱ ምድር ላይ የነበሩ ናቸው። የፋብሪካ ሥራ እንጂ የጋራዥ አልነበረችም። በዋዜማው ያበረራት ፓይለት የሚቃጠል ነገር ሸትቶት የአየር ጠባይ ራዳሩን አጠፋ፣ ብሬከሩንም ሳበው፤ ሽታው ቆመ፤ ብልሽቱንም ጻፈ። ሳትጠገን በማግስቱ ተነሣች። መርማሪዎቹ ብሬከሩ ተመልሶ ሳይጫን እንዳልቀረ ገመቱ። አያችሁ፣ ስቦ ያዳነው እጅ ነው፤ መልሶ የጫነውም እጅ ነው።

«እንግዲያው ጥፋቱ የብሬከሩ አይደለማ!» ይላል ጓደኛዬ። ልክ ነው። እኛም ሰፈር ፊውዝ ሲቃጠል የመዳብ ሽቦ ጠምዝዞ የሚመልስ ሰው ባለሙያ ይባላል፤ መብራቱ ሲመጣ እልል ነው፤ ግድግዳ ውስጥ የሚግለውን ሽቦ የሚያይ የለም።

ፊውዝ የሚመርጡት ሠሪዎች ግን አሳምነውኛል። አንድ ዕቃ ለሕይወቴ ይህን ያህል ካስፈለገኝ፣ መሬት ላይ ሳለሁ ሁለተኛ መሥመር ልዘርጋለት፤ ካላስፈለገኝ ደግሞ እስካርፍ ድረስ ሞቶ ይቆይ ይላሉ። ውሳኔውን የሚሰጡት ጋራዥ ውስጥ ሻዩን እየጠጣ ለሚያስበው ሰውዬ ነው፤ ደመና ውስጥ ጭስ ለሸተተው አይተዉትም።

እኔም ብሠራ ፊውዝ ነው የማስገባው፣ ያውም እጄ ከማይደርስበት። የምጠራጠረው ብሬከሩን ሳይሆን የደነገጠ እጄን ነው። ጓደኛዬ ግን፣ «ማጥፊያው ራሱ ቢበላሽ ምን ስበህ ልታቋርጠው ነው?» ብሎ ያፋጥጠኛል። እስካሁን አልተስማማንም። የምህንድስና ልጆች፣ መልስ ካላችሁ ለሚቀጥለው ቁጥር ጻፉልን።