የውኃው ድምፅ

አባቴ ዓሦቹን አያያቸውም። ግላኮማ የዓይኑን ብርሃን ከዳር ወደ መሐል እየበላ ከወሰደበት ሰነባብቷል። ያም ሆኖ ማታ ማታ ወንበሩን ወደ ገንዳው አስጠግቶ ይቀመጥና «ደኅና ናቸው?» ይለኛል። «ደኅና ናቸው» እለዋለሁ።

አንድ ጊዜ ግን ዋሽቼዋለሁ።

ያኔ ገንዳችን 60 ሊትር ብቻ የሚይዝ ነበር። በፋሲካ ዋዜማ ቤቱ ሁሉ ሲጸዳ፣ እኔም የማጣሪያውን ስፖንጅ አውጥቼ እስኪነጣ ድረስ ከቧንቧ ሥር አሸሁት። በሳምንቱ አራቱም ወርቃማ ዓሦች ተራ በተራ ተንሳፈፉ። ምክንያቱን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ዓሣ በስንጥቡ የሚያስወጣው አሞኒያ ለራሱ መርዝ ነው። በስፖንጁ ላይ የሰፈሩ ባክቴሪያዎች ይህንን መርዝ ወደ ናይትራይት፣ ሌሎች ደግሞ ናይትራይቱን ጉዳቱ ወደሚያንስ ናይትሬት ይለውጡታል፤ እሱም ውኃ ሲቀየር አብሮ ይወጣል። ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውኃ እነዚያን የማይታዩ ሠራተኞች ፈጅቷቸው ኖሯል። ስፖንጁን ማለቅለቅ የነበረብኝ ከገንዳው በተቀዳ ውኃ ነበር።

ለአባቴ አልነገርኩትም። ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ ማጣሪያው ባዶ ገንዳ ውስጥ ሲያንጎራጉር፣ «ደኅና ናቸው» አልኩት።

ጥፋቴን ለመካስ 450 ሊትር የሚይዝ ገንዳ አሠራሁ፤ ርዝመቱ 150፣ ወርዱ 50፣ ቁመቱ 60 ሳንቲ ሜትር። የቀረው ማጣሪያውን መምረጥ ነበር። ባለሱቁ እንደ ባልዲ ቁም ሣጥን ውስጥ የሚቀመጠውን፣ ዙሪያውን የታሸገውን ዓይነት አወደሰልኝ፤ ድምፅ የለውም፣ ቦታም አይፈጅም። ለሚጽፍ ሰው ከጸጥታ የበለጠ ምን አለ? ልከፍል ስል ግን ሁለት ነገሮች ያዙኝ። መብራት ሲጠፋ በታሸገው ውስጥ ያለው ውኃ ይቆማል፤ ባክቴሪያዎቹም በሰዓታት ውስጥ ኦክስጅን ያጥራቸዋል። ደግሞስ በጆሮው ለሚያይ ሰው፣ ድምፅ የሌለው ገንዳ ከግድግዳ በምን ይለያል?

ሁለተኛውን መረጥኩ፤ ከገንዳው ሥር የሚቀመጥ ሌላ ክፍት ገንዳ። ውኃው ከላይ ሞልቶ በቧንቧ ይወርዳል፤ በሸክላ ስብርባሪዎች ላይ እየተንጠባጠበ ይጣራል፤ ፓምፑም በሰዓት 2,000 ሊትር ያህል መልሶ ወደ ላይ ይገፋል። መብራት ቢጠፋ ሸክላው እርጥበቱን ሳይለቅ አየር ያገኛል። ፓምፑ ሲቆም ከላይ የሚወርደውን ትርፍ ውኃ ለመቀበል የታችኛው ገንዳ ጎደል ማለት አለበት፤ ይህን የዘነጋ ወለሉን ያጥባል። ድምፁ ቀንና ሌሊት አያቋርጥም። የጽሕፈት ጠረጴዛዬን ወደ መኝታ ቤት አዛወርኩ።

ባለፈው ክረምት አንድ ሌሊት አባቴ ቀሰቀሰኝ።

«ተነሥ ልጄ፤ ውኃው ዝም አለ።»

መብራት ጠፍቷል። በባትሪ የሚሠራውን የአየር ፓምፕ በዳበሳ ፈልጌ አስነሣሁና ቱቦውን ገንዳው ውስጥ ጨመርኩ። አረፋው መንተክተክ ሲጀምር እሱም እፎይ አለ።

«አባባ፣ ጆሮህ ከእኔ ዓይን በለጠ» አልኩት።

ጥቂት ዝም ብሎ ቆየ።

«ያን ጊዜም» አለ፣ «የምግባቸው ጣሳ ሲከፈት ሳልሰማ ሦስት ሳምንት አለፈ። ትነግረኛለህ ብዬ ነበር የምጠይቅህ።»